የግራው ዳዶ

በቤታችን ጠዋት የሚጀምረው በእናቴ የስፌት መኪና ድምፅ ነበር። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ከሁላችን ቀድማ ትነሳና ሻይ ትጥዳለች፤ ውሃው እስኪፈላ ድረስ ማታ የቆረጠችውን ጨርቅ ታያይዛለች። አባቴ ሬዲዮ እየሰማ ጫማውን ይጠርጋል። ከእኛ ጋር የሚኖረው የእናቴ ታናሽ ወንድም ግቢ ወጥቶ ቧንቧው አጠገብ ፂሙን ይላጫል፤ መስታወቱን የሚያስደግፈው ብስክሌቱ መሪ ላይ ነው። እኔ ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ አንዱን ካልሲ አጥልቄ፣ ሌላውን እፈልጋለሁ። ሻያችንን በዳቦ እንጠጣለን። ከዚያ አጎቴ ከኮርቻው ፊት ባለው ብረት ላይ ያስቀምጠኝና ትምህርት ቤት ያደርሰኛል። ማክሰኞና ዓርብ ደግሞ ከትምህርት በኋላ ወደ ፒያኖ አስተማሪዬ ቤት ይወስደኛል።

አጎቴ የሆስፒታል አልጋ ጠጋኝ ነበር። ከግርጌያቸው ያለው እጀታ ሲዞር ራስጌያቸው ቀና የሚለውን አልጋዎች እንደ ሰው በየጠባያቸው ያውቃቸዋል። «ዶክተሩ ተነስ ብሎት እምቢ ያለውን በሽተኛ፣ እኔ በአንድ እጄ አነሳዋለሁ» እያለ ይኩራራል። እኔን የሚጠራኝ «ቁንጫ» ብሎ ነው። አልተሳሳተም፤ ከክፍሌ ልጆች ሁሉ አጭር ነበርኩ።

ፒያኖ የምታስተምረንን ሴት ተማሪዎቿ ሁሉ «ቲቸር» እንላታለን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግሯ ቁጥብ ነበረች። መነጽሯ በክር ደረቷ ላይ ይንጠለጠላል፤ ልትቆጣ ስትል ታደርገዋለች፣ ደስ ሲላት ታወልቀዋለች። እኔ የምጫወተው ግማሽ ዓይኔን ኖታው ላይ፣ ግማሹን መነጽሯ ላይ አድርጌ ነበር። የምትኖረው ከአባቷ ጋር ነው። አባባ ዕድሜ ልካቸውን ባቡር ሲነዱ ጆሯቸው ደክሟል፤ ስለዚህ እኛ ስንንጫጫ እሳቸው እዚያው ክፍል ጥግ ላይ ጋዜጣቸውን ዘርግተው በሰላም ያነባሉ።

በዚያ ዓመት የትምህርት ቤቱ መዝጊያ ዝግጅት ላይ ፒያኖ እንድጫወት ተመረጥኩ። የምጫወተው ቲቸር ራሷ የደረሰችውን «ዝናብ» የሚባል አጭር ዜማ ነበር። ችግሩ ዝናቡ በጣት ብቻ አይዘንብም። ፒያኖው ስር ካሉት ፔዳሎች የቀኙን ሲረግጡት ድምፁ ቶሎ አይሞትም፤ ጣት ከተነሳ በኋላም አየር ላይ ይቆያል። ፔዳሉ ካልተረገጠ ግን፣ ቲቸር እንዳለችው፣ ዝናብ ሳይሆን ቆርቆሮ ላይ የሚወረወር ጠጠር ነው። የእኔ እግር ደግሞ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ አየር ላይ ይወዛወዛል።

የመጀመሪያው ቀን ፔዳሉን ለመርገጥ ከወንበሩ ጫፍ ተንሸራተትኩ። እግሬ ሲደርስ ሌላው ሰውነቴ ጠፋ፤ ከፒያኖው በላይ የቀሩት እጆቼ ብቻ ነበሩ። በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ አጎቴ ሳቁን ለቀቀው።

ቲቸር መነጽሯን አደረገች። «ምን ያስቅዎታል?»

«ይቅርታ መምህርት፤ ፒያኖው ልጅቷን የዋጣት መስሎኝ ነው።»

ገብቶ ተንበረከከና ፒያኖውን ከስር አየው፤ በጣቱ ኳ ኳ አደረገው፤ ፔዳሉን በእጁ ጫን ለቀቅ አደረገው። «ወይ ልጅቷ ትርዘም፣ ወይ ፔዳሉ ወደሷ ይምጣ» አለ።

«ልጅቷ እስክትረዝም ትምህርት ቤቱ ይዘጋል።»

«እንግዲያው ፔዳሉ ይመጣላታ።»

«እንዴት አድርጎ?»

«እንደ አልጋ» አለ አጎቴ።

ቲቸር አየችው። አጎቴ ድንገት አንገቱ ድረስ በላብ ተነከረ። «የሆስፒታል አልጋ ማለቴ ነው መምህርት! ከፍና ዝቅ የሚለው!»

«ምን አለ?» አሉ አባባ ከጋዜጣቸው ጀርባ።

«አልጋ ይሠራል አባዬ!» ብላ ጮኸች ቲቸር።

«አልጋማ አለን እኮ!»

ቲቸር ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። በጣም የተናደደች መስሎኝ ለአጎቴ አዘንኩለት።

*

የአጎቴ የመጀመሪያ ሙከራ ከጫማዬ ሶል ስር በገመድ የታሰሩ ሁለት የእንጨት ጉማጆች ነበሩ። ለፔዳሉ ደረሱ። ወደ ፒያኖው ግን አላደረሱኝም፤ ሁለቴ ተራምጄ አባባ ጭን ላይ ወደቅሁ። ሁለተኛው ቁመቱ የማይለወጥ የሳንቃ ሳጥን ነበር፤ ልክክ ብሎልኝ ሳለ እናቴ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ገዛችልኝና ልኩ ተበላሸ። አጎቴ ጭንቅላቱን ያዘ።

«ለካ አንቺ አንድ ቦታ አትቆሚም! ዛሬ ጫማ፣ ነገ ቁመት። በይ እንግዲህ፣ አንቺ ከፍ ስትዪ እሱ ዝቅ ይልልሽ።»

ሦስተኛውን የሠራው ሆስፒታሉ ከጣለው አልጋ ላይ በፈታው እጀታ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ጥርስ የወጣለት ረጅም ዘንግ አለ። እጀታው ሲዞር ሁለት ትንንሽ ፔዳሎች የተተከሉበት ሳንቃ በዘንጉ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከትንንሾቹ ፔዳሎች የሚወርዱ ቀጫጭን ብረቶች ደግሞ የፒያኖውን ፔዳሎች ይጫናሉ። ቁመቱ ከተገኘ በኋላ ሳንቃው እንዳይንሸራተት በግራና በቀኝ ባሉት ብሎኖች ላይ አንዳንድ ዳዶ በመፍቻ ይጠብቃል።

«ለምን ሁለት ሆነ?» አለችው ቲቸር።

«አንዱ ቢላላ ሌላው ይይዘዋል። ትንሽ ይንቀጠቀጥ፣ ትንሽ ይጩህ ይሆናል እንጂ አይወድቅም። ሁለቱም ካልላሉ በቀር፤ ሁለቱ ደግሞ በአንድ ላይ አይላሉም።»

ይህን ሲናገር አጠገቡ ነበርኩ። ቲቸርም በጥሞና ሰማችው። በጥሞና የሰማችበትን ምክንያት ግን እኔ በሌላ ተረጎምኩት።

መጀመሪያ ስንሞክረው ከፔዳሉ ስር ያለው ሞላ ለበሽተኛ ክብደት የተሠራ ነበር። በሙሉ ኃይሌ ረግጬ ስለቀው ፔዳሉ ወደ ላይ ተስፈነጠረና አዲሱን ጫማዬን ከእግሬ ነጥቆ ወረወረው። ጫማው የአባባን ጋዜጣ በስቶ ገባ። አባባ በቀዳዳው አጮልቀው አዩን። «ዛሬ ደግሞ በጫማ ነው የሚጫወቱት?» አሉ። ሳቄ አላስቆም ብሎኝ ከወንበር ወረድኩ። አጎቴ ይቅርታ እየጠየቀ ይስቃል፣ እየሳቀ ይቅርታ ይጠይቃል። ቲቸር ጫማዬን አምጥታ ተንበርክካ አደረገችልኝ፤ መነጽሯ ደረቷ ላይ ነበር።

ሞላው በለስላሳ ሞላ ተለወጠ። በሚቀጥለው ዓርብ ተቀመጥኩ፣ አጎቴ እጀታውን አዞረ፣ ሳንቃው ቀስ እያለ መጥቶ ከጫማዬ ጋር ገጠመ። «ዝናብ»ን ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ድምፅ ነካሁና ረገጥኩ፣ ጣቴን አነሳሁ። ድምፁ አልሄደም። ሁለተኛው መጥቶ አጠገቡ ቆመ፣ ሦስተኛውም ተጨመረ፣ ክፍሉ በማይታዩ ጠብታዎች ተሞላ። የምጫወተውን ትቼ ዞር ብዬ «አልሞተም! አያችሁት? አልሞተም!» ብዬ ጮህኩ።

«እጅዎ ይባረክ ባለሙያው» አለች ቲቸር በቀስታ።

«አዲስ ነገር ይላላል» አለ አጎቴ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «ላላ የተባለ እንደሆነ መጥቼ አየዋለሁ። ለማንኛውም ይቺ መፍቻ እዚህ ትቀመጥ።»

መፍቻዋን ሰጣት። ቲቸር ከፒያኖው በላይ፣ ከአበባ ማስቀመጫው አጠገብ፣ ጨርቅ አንጥፋ አስቀመጠቻት።

*

ከዚያ ሳጥኑ መላላት ጀመረ።

ሁልጊዜ አይደለም። ማክሰኞ ደህና ይሆናል፣ ዓርብ ሲረገጥ እንደ አይጥ ይጮኻል። ወይም ዓርብ ደህና ይሆንና ማክሰኞ ሳንቃው ይንቀጠቀጣል። አጎቴ ይጠራል። በሩ ላይ ከመጠበቅ ወደ መግባት፣ ከመግባት ወደ መቀመጥ፣ ከመቀመጥ ሻይ ወደ መጠጣት ተሸጋገረ። እሱ በመጣ ቁጥር ቲቸር መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ትወለውላለች። ለቁጣ እየተዘጋጀች ነው እል ነበር።

ቤት ውስጥ የሚወራው ደግሞ ጭራሽ አይገባኝም።

«ደግሞ ላላ?» ትለዋለች እናቴ።

«ላላ።»

«አልጋዎችህ እንዲህ ቢላሉ ኖሮ ያ ሁሉ በሽተኛ መሬት ላይ በተገኘ።»

«የፒያኖ ሥራ ረቂቅ ነው እቴቴ።»

«ረቂቅ! ለዚህ ነው በየሁለት ቀኑ ሸሚዝ የምታስተኩሰኝ?»

«ተዪው እንጂ» ይላል አባቴ ከሬዲዮው አጠገብ። «ሳጥኑ ሽቶ ካልሸተተው አይጠብቅ ይሆናል።»

እነሱ ይሳሳቃሉ፤ እኔን ግን አያስቀኝም። ቲቸር አንድ ቀን መነጽሯን አድርጋ፣ «ሳጥኑ እስከ ዝግጅቱ ካልታመነ ከፍ ያለችው ልጅ ትጫወታለች» ብላኛለች። ከፍ ያለችው ልጅ ከእኔ በላይ ያለው ክፍል የምትማር፣ እኛ ሰጎን የምንላት ልጅ ናት። ወንበር ላይ ስትቀመጥ እግሯ ፔዳሉን አልፎ ይሄዳል። በዕረፍት ሰዓት አጠገቤ መጥታ፣ «እስቲ ቁሚ» አለችኝ። «ቆሜያለሁ እኮ» ስላት፣ «አይ፣ የተቀመጥሽ መስሎኝ» ብላኝ ሄደች። ከዚያ ቀን በኋላ በዓለም ላይ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ሳጥኑ እንዲጠብቅ።

ያን ውሳኔ ያመጣችው ቲቸር አልነበረችም። ርዕሰ መምህሩ፣ በእንግዶች ፊት የሚጮኽ ሳጥን አልፈልግም ብለው ነበር፤ ቲቸር ሁለቴ ቢሮአቸው ድረስ ሄዳ ለእኔ ተሟግታለች። ይህን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። በጊዜው የገባኝ ቲቸር እኔን ትታ ሰጎንን መምረጧ ነበር።

አጎቴ ሥራ ቦታው ወስዶኝ ያየሁት አንድ ዘዴ ነበር። የታሰረ ዳዶ ላይ፣ ከዳዶው አልፎ ብረቱ ድረስ የሚሄድ ቀጭን የቀለም መስመር ያሰምርበታል። «ዳዶው ከዞረ መስመሩ ይሰበራል። ማን ነካው ብዬ አልጨቃጨቅም፣ መስመሩ ይነግረኛል።» እኔ ቀለም የለኝም፤ እናቴ ጨርቅ የምታሰምርበት ጠመኔ ግን አለ። አንዷን ስባሪ ኪሴ ከተትኩ። ማክሰኞ ትምህርቱ ሲያልቅ እስክርቢቶ የወደቀብኝ መስዬ ፒያኖው ስር ገባሁና በሁለቱም ዳዶዎች ላይ መስመር አሰመርኩ።

የቀኙ ምስጢር አልነበረውም። የቀኙ መስመር የሚሰበረው አጎቴ በመጣ ቀን ነው፤ ሲነካው በዓይኔ አይቻለሁ። ጎንበስ ይልና አንዴ ወደ ኋላው፣ አንዴ ወደ ቲቸር አይቶ፣ መፍቻውን ወደ ግራ ቀስ አድርጎ ያዞራል። አጠበቀልኝ ብዬ ደስ ይለኛል። ወደ ግራ ማዞር ማላላት መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የራሴን ቤት ቧንቧ ስፈታ ነው። መፍቻውን በእጄ እንደያዝኩ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ስቄያለሁ።

የግራው ግን የሚሰበረው አጎቴ በሌለበት ነበር።

አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤት ቀደም ብለን ተለቀቅን፤ አጎቴን ሳልጠብቅ በእግሬ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ቲቸር ፒያኖው ስር ተንበርክካለች። መፍቻዋ እጇ ላይ ናት። ምላሷን በጥርሷ ያዝ አድርጋ፣ «ዝናብ»ን እያንጎራጎረች፣ የግራውን ዳዶ ታዞራለች። ከዚያ ተነሳች፣ ፔዳሉን ረገጠችው። ጮኸ። ፈገግ አለች። መፍቻዋን በጨርቁ ጠርጋ አበባው አጠገብ መለሰቻት።

አባባ ጥግ ላይ ነበሩ። ጋዜጣቸውን ሳያወርዱ፣ «ዛሬም ይመጣል ማለት ነው» አሉ።

ሮጬ ቤቴ ሄድኩ። እናቴ እጅጌ እየሰፋች ነበር። እያለከለክሁ፣ «እማዬ! ቲቸር ሌባ ናት! ሳጥኑን ሆን ብላ ነው የምታላላው! ሰጎን እንድትጫወት!» አልኳት።

«ማን? መምህርቷ? ራሷ?»

«በመፍቻው! አጎቴ ያጠብቃል፣ እሷ ታላላለች!»

«እሱ የቱን ነው የሚያጠብቀው?»

«የቀኙን። እንዲህ አድርጎ።» በእጄ አሳየኋት፤ ወደ ግራ።

እናቴ እጄን አየች። የሰው ሱሪ ስታሳጥር፣ አምፖል ስትቀይር፣ የስፌት መኪናዋን ስትፈታ የኖረች ሴት ናት። መጀመሪያ አፏን ያዘች። ከዚያ ሳቋ በጣቶቿ መሀል አመለጠ። እግሯ የመኪናውን መርገጫ አልለቀቀም ነበርና መርፌው ብቻውን ገሰገሰ፤ የደንበኛዋን እጅጌ ከገዛ ኪሱ ጋር ሰፋው። እንባዋን እየጠረገች ወደ ደረቷ ሳበችኝ።

«በሞቴ! ለማንም እንዳትተነፍሺ።»

«ለአጎቴስ?»

«በተለይ ለአጎትሽ።»

«ግን እኮ ሰጎን...»

«ሰጎን አትጫወትም። እኔ እናትሽ ነኝ ያልኩሽ።»

እናቴም ከጠላት ጋር እንደሆነች ያመንኩት ያን ጊዜ ነው።

ባለቤቴ ይህን ታሪክ ስነግረው ሁልጊዜ እዚህ ላይ ያስቆመኝ ነበር። «ቆይ ቆይ፤ የሷ የቱ ነው? የግራው?» ይለኛል። ያውቀዋል። እንድደግምለት ነው።

*

ከዝግጅቱ በፊት ባለው ቀን እኔ፣ አጎቴና ቲቸር ሳጥኑን በብስክሌት ጭነን ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ወሰድነው። አጎቴ እዚያ ካለው ትልቅ ፒያኖ ስር አስቀመጠው፣ ቁመቱን ለካ፣ ሁለቱንም ዳዶ ጥርሱን ነክሶ አጠበቀ። እኔ መስመሮቼን አሰመርኩ። ረገጥኩት፤ ድምፅ የለውም። እንደ ድንጋይ ጸንቷል። ደስ ብሎኝ መድረኩን እየዘለልኩ ዞርኩት።

«በይ ቁንጫ፣ ውሃ ጠጥተሽ ነይ» አለኝ አጎቴ። ሄድኩ። ተመልሼ ልንወጣ ስንል፣ በሩ ላይ ስትጠብቀን የነበረችው ቲቸር፣ «እናንተ ቅደሙ፣ የረሳሁት ኖታ አለ» ብላ ወደ መድረኩ ተመለሰች።

ሁለቱ ያሰቡት አንድ ነገር መሆኑን ዛሬ አውቃለሁ። ዝግጅቱ ካለፈ የሳጥኑ ሥራ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ምን ይባላል? እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ዳዶ ከወትሮው አብልጠው ላላ አደረጉ፤ ጠዋት ሰው ሳይገባ መጥተው «ላላ እንዴ?» ለመባባል፣ ለመጨረሻ ጊዜ። ሁለቱም አንዱ ቢላላ ሌላው ይይዘዋል ብለው ነው።

ጠዋት ግን የክብር እንግዳው ሌላ ስብሰባ አለብኝ አሉና ፕሮግራሙ ተገለባበጠ፤ ሰው ቀድሞ ገባ፣ የእኔ ተራም መጀመሪያ ሆነ። አጎቴ ቲቸርን ፍለጋ የጓሮው በር ላይ ቆሟል። ቲቸር አጎቴን ፍለጋ የፊት ለፊቱ በር ላይ ቆማለች። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። እናቴና አባቴ ከፊት ናቸው፣ አባባም ከጎናቸው። ሰጎን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጣቶቿን እያፍታታች ተቀምጣለች። ድምፁ እስከ ጓሮ እንዲሰማ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ማይክሮፎኑን ከፒያኖው ስር አስቀመጡት። ርዕሰ መምህሩ ስሜን ጠሩ።

ወጣሁ። ልቀመጥ ስል ጎንበስ ብዬ አየሁ። የግራው መስመር ተሰብሯል። የቀኙም ተሰብሯል።

በጣቶቼ ላዞረው ሞከርኩ፤ ጣቴ ብረት አይደለም። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። ሰጎን ከወንበሯ በግማሽ ተነሳች። ያን ሳይ ቀና ብዬ ተቀመጥኩና «ዝናብ»ን ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ጠብታ ወረደ፣ ቆየ። ሁለተኛውም። በሦስተኛው ስረግጥ ሳንቃው እንደምትንበረከክ ግመል መጀመሪያ በግራ፣ ቀጥሎ በቀኝ ዝቅ አለና ዷ! ብሎ ወደቀ። እግሬ ተከተለው፣ እኔም እግሬን ተከተልኩ፤ አገጬ ቁልፎቹ ላይ ሲያርፍ ፒያኖው በዜማው ውስጥ የሌለ ድምፅ አወጣ።

ሁለቱ በሮች በአንድ ጊዜ ተበረገዱ። አጎቴ ከጓሮው፣ ቲቸር ከፊት፣ ሁለቱም መፍቻ ይዘው መድረኩን እየሮጡ ወጡ። ማንም ማንንም ሳያይ ሁለቱም ፒያኖው ስር ዘለው ገቡ። ኳ! ግንባር ለግንባር። ማይክሮፎኑ ኳውን ለአዳራሹ ሁሉ አደለው።

«የኔ ጥፋት ነው!» የአጎቴ ድምፅ ከጣሪያው ድምፅ ማጉያ ወረደ። «እኔ ነኝ ያላላሁት!»

«ምን ይላሉ? ያላላሁት እኔ ነኝ!»

«እርስዎማ አይነኩትም። እኔ ነኝ፤ የቀኙን።»

«እኔ የግራውን።»

ሁለት ሰው ሲተነፍስ ይሰማል።

«እርስዎ ለምን?» አለ አጎቴ።

«እርስዎስ ለምን?»

«መምጫ እንዳላጣ ነዋ።»

«እኔ ደግሞ...» አለች ቲቸር፤ «እኔ ደግሞ እንዳይቀሩ ብዬ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እናቴ አባቴን ትከሻውን ትደበድበዋለች። የክብር እንግዳው ስብሰባቸውን ረስተው ያጨበጭባሉ። አባባ ግራ ቀኝ እያዩ፣ «ምን አሉ? ምን ተባባሉ?» ይላሉ። እናቴ ጆሯቸው ላይ አፏን አድርጋ፣ «ሊጋቡ ነው አባባ!» ብላ ጮኸች።

«ታዲያ ለዚህ» አሉ አባባ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ «ፒያኖ ስር መግባት ምን አስፈለገ?»

ለእኔ ይህ ሁሉ ምኑም አልታየኝም። ለእኔ የታየኝ ሁለቱም ጥፋተኞች መሆናቸውና የእኔ ዝናብ መቋረጡ ነው። አጎንብሼ፣ «ልጫወት ወይስ ልውረድ?» አልኳቸው በቁጣ።

«ተጫወቺ!» አሉ በአንድ ድምፅ።

«በል ያዝ እንጂ፣ ምን ታፈጣለህ?» አለች ቲቸር። በሰው ፊት «አንተ» አለችው! አጎቴ ደግሞ አልተቆጣም። አንዱን ጎን እሱ፣ ሌላውን እሷ፣ ሳንቃውን በእጃቸው ከፍ አድርገው ያዙት። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ስረግጥ ከስሬ «እህ» የሚል የሁለት ሰው ድምፅ ይሰማል፤ ስለቅ ሳንቃው ይመለሳል። ዝናቡ ዘነበ። ከሳቁና ከ«እህ»ው ጋር ዘነበ፤ አንዲት ጠብታ ሳላስቀር እስከ መጨረሻው ተጫወትኩት። የመጨረሻውን ድምፅ እስኪያልቅ ጠበቅኩ፤ እነሱም ሳያወርዱኝ ጠበቁ።

ተነስቼ እጅ ስነሳ ጭብጨባው አልቆም አለ። ሁሉም የእኔ መሰለኝ። ከፊሉ የእኔ እንደነበር አሁንም አምናለሁ። ስወርድ ሰጎን መንገዴን ዘጋችና፣ «እኔ ብጫወት ኖሮ ማን ነበር ፒያኖ ስር የሚገባልኝ?» አለችኝ፤ በእውነት አዝና ነበር።

በዚያው ክረምት ተጋቡ። እኔ ሠርጉን የዕርቅ ድግስ አድርጌ ነው የቆጠርኩት፤ በሳጥን ተጣልተው የነበሩ ሁለት ሰዎች በመጨረሻ ታረቁ። የእናቴን ጠመኔ ይዤ ሄጄ የሙሽራውንና የሙሽራዋን ወንበሮች ከወለሉ ጋር የሚያያይዝ መስመር አሰመርኩ።

*

አጎቴና ቲቸር በረንዳቸው ላይ ለብዙ አጫጭር ልጆች ብዙ ሳጥኖች ሠሩ። ለሌሎቹ ሁሉ ሦስት ሦስት ዳዶ አደረጉላቸው፤ የእኔ ብቻ በሁለት ቀረ። እኔ ከፍ ባልኩ ቁጥር እጀታውን እያዞርን ዝቅ አደረግነው። ከዚያ እኔም ማደጌን አቆምኩ፣ ሳጥኑም መውረዱን አቆመ፤ ብዙም አልረዘምኩም። ሁለቱ ተከታትለው ካረፉ በኋላ ፒያኖውም ሳጥኑም ወደ ቤቴ መጡ። መፍቻዋም በጨርቋ ተጠቅልላ መጣች።

ባለቤቴ የእጅ ሥራ የማይሆንለት ሰው ነበር። አምፖል የምቀይረው እኔ ነኝ። ሆኖም ተኮራርፈን የሰነበትን እንደሆነ፣ ወይም የተማሪዎቼን ፈተና ሳርም ውዬ ካላናገርኩት፣ ፒያኖ ላይ ስቀመጥ ሳጥኑ ይጮኻል። ጎንበስ ብዬ አያለሁ። የግራው ነው።

«ላላ እንዴ?» ይላል ከበሩ ላይ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው።

«ላላ» እለዋለሁ። መጥቶ ወለሉ ላይ ይቀመጥና መፍቻውን ገልብጦ ይዞ ሲታገል አየዋለሁ።

አሁንም ጠዋት ጠዋት ከሻይ በኋላ እጫወታለሁ። ሳጥኑ አይጮኽም። ባለፈው ዓመት፣ ባለቤቴ ካረፈ በኋላ፣ በሁለቱም ዳዶዎች ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርኩ። ሁለቱም መስመሮች እንደተሰመሩ ናቸው። የግራውን ዳዶ የሚያላላ ሰው የለም።